ምዕራፍ ስድስት፦ የጎረቤት እንግዳ

አስመራ ያለው የሱዳን ኤምባሲ ለጥቂት ዓመታት የሱዳን መንግሥት ተቃዋሚዎች ጽሕፈት ቤት ሆኖ ነበር። ኤርትራ በኅዳር 1987 ዓ.ም. ከካርቱም ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጠች፤ ዲፕሎማቶቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቆይቶ የአስመራ መንግሥት ሕንፃውን ለብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት አስረከበ። ይህ ኅብረት የሱዳኑን ፕሬዚዳንት የዑመር አልበሽርን አገዛዝ ለመጣል መሣሪያ ያነሱ ሱዳናውያን ጥምረት ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በ1992 ዓ.ም. ሲታረቁ ደግሞ ሕንፃው ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ተቃዋሚዎቹም ለቀው ወጡ።

እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 45 ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። ግንኙነት ቢቋረጥ፣ ጦርነት እንኳ ቢነሳ፣ ተቀባዩ አገር የኤምባሲውን ሕንፃ፣ ንብረትና መዝገብ ማክበርና መጠበቅ ግዴታው ነው። ሕጉ እንደተጣሰ አያከራክርም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. አስመራ የገቡት የሕዝባዊ ግንባር ታጋዮች ከካርቱም የቀረበ ወዳጅ አልነበራቸውም። ለረጅም ዘመን ስንቃቸው በፖርት ሱዳንና በከሰላ በኩል አልፏል፤ ቁስለኞቻቸው እዚያ ታክመዋል፤ ቢሮዎቻቸው ካርቱም ነበሩ። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ የገባው ኢሕአዴግም እንደዚያው የሱዳንን ውለታ ተሸክሞ ነው የገባው።

ታዲያ አስጠልሎ ያኖረ ጎረቤት፣ ያስጠለለው ሰው ቤተ መንግሥት ከገባ በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላ እንዴት ጠላት ይሆናል? በአካባቢያችን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስለ ወንድማማች ሕዝቦች፣ ስለ አባይ፣ ስለ ንግድ ብዙ ይባላል። እኔ ግን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ያለፉት ሃምሳ ዓመታት ባነበብኩ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚነሳ አንድ ጥያቄ አገኛለሁ፦ የኔን ተቃዋሚ ማን ነው የሚያሳድረው? አዲሱ መንግሥት ከጎረቤቱ ጋር የሚኖረው ግንኙነት በአብዛኛው የሚወሰነው ለዚህ በሚሰጠው መልስ ነው። (ከዚህ በኋላ በተለየ ካልጠቀስኩ በቀር ዘመናቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን የማይለወጠውን እንለይ። መንግሥት ሲወድቅ አገር አይወድቅም። ንጉሥ ወርዶ ወታደር ቢቀመጥ፣ ወታደር ሸሽቶ ታጋይ ቢገባ፣ አገሪቱ የፈረመችው ውል፣ የተበደረችው ዕዳና የተሰመረው ድንበር አብሮ አይወርድም። የሜክሲኮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሄናሮ ኤስትራዳ እ.ኤ.አ. በ1930 በስማቸው የሚጠራ አንድ አቋም አውጀው ነበር። በእሳቸው አመለካከት አንድ መንግሥት የሌላውን አዲስ መንግሥት “ዕውቅና ሰጥቼሃለሁ” ወይም “ነፍጌሃለሁ” ማለቱ ራሱ በሰው ቤት ገብቶ መፍረድ ነው። አምባሳደርን ማቆየት ወይም መጥራት ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈ አዋጅ አያስፈልግም። በአፍሪካ ቀንድ ብዙውን ጊዜ የሠራው ይኼው ነው። መፈንቅለ መንግሥቱ በተነገረ ማግስት ኤምባሲው በሩን ይከፍታል፤ አምባሳደሩ ስልክ ይደውላል፤ አዲሱን ሰውዬ ማን እንደሚያውቀው ይጠያየቃል።

ድንበሩም እንዲሁ ቀጥሏል። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በመጋቢት 1881 ነው። አፄ ምኒልክ ግን የአውሮፓውያን መስፋፋት ስላሳሰባቸው ከዚያው ከማህዲስት መንግሥት ከኸሊፋ አብዱላሂ ጋር ደብዳቤ ተለዋወጡ። በ1890 መጨረሻ ኦምዱርማን በእንግሊዝ ጦር ስትወድቅ ጎረቤቱ በአንድ ቀን ሌላ ሆነ። ምኒልክ ከአዲሱ ጎረቤት ጋር ተደራድረው በግንቦት 1894 የድንበር ውል ፈረሙ፤ በዓመቱ ሻለቃ ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ መሬት ላይ አሰመረው። እንግሊዝ ሄዶ ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ነፃ ስትወጣ መስመሩ ባለበት ቀረ። በሐምሌ 1964 የንጉሠ ነገሥቱና የሱዳኑ ፕሬዚዳንት የኒሜሪ መንግሥታት ደብዳቤ ተለዋውጠው አጸደቁት፤ ደርግም መጣ፣ ኢሕአዴግም መጣ፣ መስመሩ እዚያው ነው። ወረቀቱ ከመንግሥታቱ ሁሉ በላይ ዕድሜ አለው። መሬቱን ማን ያርሳል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የሚለወጠው እንግዳው ነው።

ዘመናዊት ኢትዮጵያ ራሷ ከሱዳን በተመለሰ እንግዳ ነው ዳግም የቆመችው። ጥር 12 ቀን 1933 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲያወጡ የመጡት ከካርቱም ነበር። ጣሊያን በሰኔ 1932 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ባይገጥም ኖሮ እንግሊዞች ንጉሡን ካርቱም ያስገቧቸው ነበር ብዬ አላምንም፤ ከዚያ በፊት ለአራት ዓመታት ባዝ ከተማ ነው ያስቀመጧቸው። አስጠላዩ እንግዳውን የሚቀበለው ለራሱ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱ ሲያልቅ እንግድነቱም ያልቃል። በዚህ ምዕራፍ የማወራላችሁ እያንዳንዱ ታሪክ ላይ ይህ ይደገማል።

ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ጄኔራል አቡድ በጥቅምት 1957 በሕዝብ አመፅ ሲወርዱ አዲሱ የካርቱም መንግሥት ለኤርትራ ታጣቂዎች በሩን ከፈተ፤ የአዲስ አበባ መንግሥትም ለደቡብ ሱዳኑ አማፂ ቡድን ለአኛኛ ልቡን አላለሰለሰም ማለት አይቻልም። ሁለቱም የሰውን ቤት እሳት ሲያራግቡ ቆዩ። ያቆመው በየካቲት 1964 የተደረሰው የአዲስ አበባ ስምምነት ነው። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ መሃል ገብተው የኒሜሪን መንግሥትና የደቡቡን ተዋጊ አዲስ አበባ ላይ አገናኙ። ድርድሩ በሠራዊት ጉዳይ ተጣብቆ ሲቀር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ገብተውበት መፍትሔ ተገኘ። በደቡብ 12,000 ወታደር ይኖራል፤ ግማሹ ከደቡቡ፣ ግማሹ ከሰሜኑ። በጎረቤታሞቹ መካከልም ያልተጻፈ መግባባት ነበር፤ አንተ የኔን አታሳድር፣ እኔም ያንተን አላሳድር።

ይህ መግባባት የቆመው በሁለት ሰዎች ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ አንደኛው በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። ኒሜሪ ከእንግዲህ የሚነጋገሩት ከማን ጋር እንደሆነ እንኳ ለማወቅ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ደርግ ውስጥ ማን ከማን በላይ እንደሆነ አዲስ አበባ ያለነውም በቅጡ አናውቅም ነበርና። ከደርግ የሸሹ መኳንንትና መኮንኖች ሱዳን ገብተው ኢዲዩ በሚል ስም ተደራጁ፤ በ1969 ሑመራንና መተማን እስከ መያዝ ደረሱ። ኒሜሪ በበኩላቸው በሰኔ 1968 ከሊቢያ የተነሳ ኃይል ካርቱም ላይ ሊገለብጣቸው ሞክሮ ስለነበር ኢትዮጵያን ከትሪፖሊ ጋር ደርበው ከሰሱ፤ የኤርትራ ግንባሮችንም በይፋ መደገፍ ጀመሩ። የማዶው የእንግዳ ማረፊያ ሞላ ማለት ነው። በ1973 ደርግ ከሊቢያና ከደቡብ የመን ጋር ኤደን ላይ ውል ሲፈራረም የሱዳን ጄኔራሎች ራሳቸውን እንደተከበበ ሰው ቆጠሩ።

ከዚያም ግንቦት 1975 ደረሰ። ቦር ላይ የደቡብ ወታደሮች አመፁ፤ መሪያቸው የሆነው ጆን ጋራንግ ድንበር ተሻግሮ ጋምቤላ ገባ፤ የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ሠራዊት በኢትዮጵያ ምድር ተመሠረተ። ደርግ የጦር ሰፈር፣ መሣሪያ፣ ሥልጠና፣ በመጨረሻም ከኢትዮጵያ የሚተላለፍ ራዲዮ ሰጠው። ካርቱም ያለ ሰው ሬዲዮኑን ከፍቶ የራሱን መንግሥት የሚከስ ድምፅ ከጎረቤት አገር ይሰማ ነበር። እኛ ደግሞ ከማዶ የሻዕቢያንና የሕወሓትን እንሰማ ነበር። አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ራዲዮ እየከፈለ የሚያስጮህበት ዘመን ነበር።

በመሃል የነበረው ሕዝብ ግን ጦርነት የሸሸና ራብ የሸሸ ነው። በ1977 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ ትግራዮች፣ ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ሰፈሩ። ከካምፖቹ አንዱ ገዳሪፍ አካባቢ ያለው ኡም ራኩባ ነው። ቤተ እስራኤሎችም ወደ ኢየሩሳሌም እንደርሳለን ብለው ከጎንደር በእግራቸው ወርደው እዚያ ቆዩ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ዛሬ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ባለው ጊዜ ውስጥ በኒሜሪ መንግሥት ፈቃድ፣ በስውር፣ ወደ 8,000 ሰው በአውሮፕላን ተወሰደ። ወሬው ወጥቶ ዘመቻው ቆመ። መጋቢት 28 ቀን ኒሜሪ ራሳቸው ውጭ አገር እያሉ ከሥልጣን ወረዱ፤ ምክትላቸው ዑመር ጣይብ በዚሁ ጉዳይ ተከሰው ተፈረደባቸው። አንድ መንግሥት ሲወርድ አንድ መንገድ እንዴት እንደሚዘጋ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ካምፕ ውስጥ ለቀረች ቤተሰብ የካርቱም መፈንቅለ መንግሥት የፖለቲካ ዜና አልነበረም፤ ቀድሞ የሄደው ልጅና የቀረችው እናት መቼ እንደሚገናኙ የሚወስን ነገር ነበር።

ስለ ግንቦት 1983 ስናወራ አብዛኞቻችን የምናወራው አዲስ አበባን ነው። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ሐራሬ ሸሹ፤ ግንቦት 20 ታንኮቹ ቤተ መንግሥት ደረሱ። ሁሉም የት እንደነበረ፣ ምን ይበላ እንደነበር ያስታውሳል። በእነዚያው ሳምንታት ጋምቤላ ውስጥ የሆነውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ እኔም በወጣትነቴ አላወቅሁትም።

ኢታንግ፣ ፉኝዶና ዲማ በተባሉት ካምፖች ከ300,000 በላይ ደቡብ ሱዳናውያን ነበሩ። ኢታንግ በዘመኑ ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነው። ፉኝዶ ውስጥ ያለ አባትና እናት የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ከዓመታት በፊት ከባህር ኤል ጋዛልና ከቦር ተነስተው፣ በረሃ አቋርጠው፣ በእግራቸው የደረሱ። ካምፑ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ነበር። ለጋራንግ ሠራዊት ደግሞ ጓዳው ነበር፤ ስንቁም ወታደሩም ከዚያው ይወጣል። ሁለቱንም መካድ አይቻልም።

ደርግ ሲወድቅ አስጠላዩ ወደቀ። የገባው ኃይል ደግሞ የካርቱም ወዳጅ ነው፤ ጋራንግ ደግሞ ከደርግ ጎን ተሰልፎ የተዋጋ ነው። ስለዚህ ካምፖቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ሆኑ። ሕዝቡ የመጣበትን መንገድ ይዞ ወደ ሸሸው ጦርነት ተመለሰ። ወቅቱ ዝናብ የጀመረበት ነው፤ የጊሎ ወንዝ ሞልቷል። መዋኘት የማይችሉ ልጆች ከኋላቸው ተኩስ እየሰሙ ወንዙ ውስጥ ገቡ፤ ብዙዎች አልወጡም። የተረፉት ደቡብ ሱዳንን አቋርጠው በዓመቱ ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። ከእነዚያ ልጆች በሺዎች የሚቆጠሩት በኋላ አሜሪካ ገብተዋል፤ ስለ ጊሎ ጽፈዋልም። እኛ ግን ስለ ግንቦት 1983 በጻፍናቸው ብዙ መጻሕፍት ውስጥ ያ ወንዝ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ያሳፍረኛል። የወጣው መንግሥት በመሣሪያ ሲነግድባቸው፣ የገባው መንግሥት በውለታ መክፈያነት ሲያስወጣቸው፣ ልጆቹን እንደ ልጅ የቆጠረ ማንም አልነበረም።

ጉዳቱ የጋራንግን ድርጅትም ሰነጠቀው። ራዲዮው ጠፋ፣ የኋላ ደጀኑ ጠፋ። ነሐሴ 22 ቀን 1983 የራሱ አዛዦች ሪያክ ማቻርና ላም አኮል ናስር ላይ ሆነው ጋራንግን ከሥልጣን አውርደነዋል አሉ፤ ከዚያ በኋላ የደቡብ ሰው በደቡብ ሰው የተጨፋጨፈበት ዘመን መጣ። አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ተለወጠና ናይል ዳር መንደር ተቃጠለ።

ለካርቱም ግን ጊዜው የሠርግ ጊዜ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1981 ሥልጣን የያዙት አልበሽርና ከጀርባቸው የነበሩት ሐሰን አል ቱራቢ፣ በሁለት ርዕሰ ከተሞች ውለታቸውን የሚያውቁ መንግሥታት አገኙ። እዚህ ላይ ነው አስጠላይ ሁሉ የሚሳሳተው። ያሳደርከው ሰው ሥልጣን ሲይዝ እንደ ድሮው የሚታዘዝህ ይመስልሃል። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አገር የሚያስተዳድር ነው፤ ድንበሩን ከአንተም ጭምር መጠበቅ አለበት። እንዲያውም ከማንም ይልቅ አንተን ይጠረጥራል። አንድን መንግሥት ከጎረቤት ሆኖ እንዴት መጣል እንደሚቻል ካንተው ቤት ሆኖ ተምሮታልና። ካርቱም የኤርትራ እስላማዊ ታጣቂዎችን ስታስጠልል አስመራ ትርጉሙን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። በኅዳር 1987 ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ በሰኔ የሱዳን ተቃዋሚዎች አስመራ ላይ ትልቅ ጉባኤ አደረጉ።

በዚያው ወር፣ ሰኔ 19 ቀን 1987፣ የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገቡ። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲያመሩ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ጥይት በማይበሳው መኪናቸው ተረፉ፤ መኪናው ዞሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለሰ። ጥቃቱን ያደረሱት የግብፅ እስላማዊ ቡድን አባላት ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ምርመራ ደግሞ የሱዳን እጅ እንዳለበት ደመደመ። ሦስት ተጠርጣሪዎች ሱዳን ናቸው ተባለ።

ኢትዮጵያ ያኔ የወሰደችውን እርምጃ አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል፤ ዲፕሎማሲ ሲቀዘቅዝ በእጅ የሚዳሰሰው ምን እንደሆነ ያሳያል። የኤምባሲው ሠራተኞች ቁጥር እንዲቀነስ ተደረገ። ጋምቤላ ያለው የሱዳን ቆንስላ ተዘጋ። የሱዳን አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ እንዳይበር ተከለከለ። ኤምባሲው ራሱ ግን አልተዘጋም፤ ግንኙነቱ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ጉዳዩ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት አልፎ ጸጥታው ምክር ቤት ገባ። ምክር ቤቱ በጥር 1988 በውሳኔ ቁጥር 1044 ሦስቱ እንዲሰጡ ጠየቀ፤ ሱዳን ስላልሰጠች በሚያዝያ በውሳኔ ቁጥር 1054 አገሮች ሁሉ በምድራቸው ያሉትን የሱዳን ዲፕሎማቶች ቁጥርና ደረጃ እንዲቀንሱ አዘዘ። ይህ የፊት በሩ ነው። በጓሮ በር ደግሞ ከአምስት ዓመት በፊት የተባረረው እንግዳ ተመልሶ ገባ። በጥር 1989 የጋራንግ ሠራዊትና አጋሮቹ ከኢትዮጵያ ድንበር በኩል ኩርሙክን ያዙ፤ ካርቱም የኢትዮጵያ ጦር አብሮ ነበር ብላ ከሰሰች። አሜሪካም ለኢትዮጵያ፣ ለኤርትራና ለኡጋንዳ 20 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ገዳይ ያልሆነ ወታደራዊ ቁሳቁስ ለመስጠት ወስና ነበር፤ የሱዳን ጎረቤቶች ከሦስት አቅጣጫ አንድ ሆኑ ተባለ።

አንድነቱ በግንቦት 1990 ባድመ ላይ ፈረሰ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲዋጉ ሁለቱም ፊታቸውን ወደዚያችው ካርቱም አዞሩ፤ አንዱ ከኋላዬ ሌላ ጠላት እንዳይኖር፣ ሌላውም እንዲሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ አየር መንገዱ፣ ቆንስላው፣ ጉብኝቱ ሁሉ ነገር መመለስ ጀመረ። አስመራም ያንን የኤምባሲ ሕንፃ የመለሰችው በዚህ ምክንያት ነው። በመስከረም 1994 የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀቡን ሲያነሳ ኢትዮጵያ ተስማምታለች፤ የሦስቱ ተጠርጣሪዎች ነገር ተረስቶ ቀረ። በዓመቱ ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና የመን ሰንዓ ላይ ተሰብስበው ፎረም መሠረቱ፤ ኤርትራን ለማግለል እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ቦሌ መንገድ ላይ ግዴታቸውን ሲወጡ የሞቱትን ፖሊሶች ቤተሰብ ማንም እንዳማከረ አልሰማሁም።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ የሚያኮራኝ ነገር አለ፤ ማለፍ አልፈልግም። በሰኔ 2003፣ ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ልታውጅ ሳምንታት ሲቀሯት፣ ሰሜኑና ደቡቡ አብዬ ላይ ሊፋጁ ደረሱ። አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ በመካከላቸው የሚቆም የሰላም አስከባሪ ጦር ሲታሰብ ሁለቱም የፈለጉት የኢትዮጵያን ነው። የጸጥታው ምክር ቤት 4,200 የሚደርስ ኃይል ፈቀደ፤ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል የኢትዮጵያ ወታደር ነበር። ባላንጣዎች በአንድ ጎረቤት ጦር መስማማታቸው በዓለም ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም። ኢትዮጵያ በተለያየ ዘመን ሁለቱንም አስጠልላለች ወይም ረድታለች፤ ሁለቱንም አባራለች ወይም ወግታለች። በ2003 ግን የማንንም ታጣቂ አላሳደረችም። እምነቱ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ለውጥ ቅርብ ስለሆነ ቁስሉ አልደረቀም። ሚያዝያ 3 ቀን 2011 አልበሽር ወረዱ። በግንቦት መጨረሻ የካርቱም ተቃውሞ ሰፈር በጥይት ሲበተን የአፍሪካ ኅብረት ሱዳንን ከአባልነት አገደ፤ ይህ ኅብረቱ ኢሕገ መንግሥታዊ ለውጥን አልቀበልም በሚለው ደንቡ የሚወስደው እርምጃ ነው፤ በኤስትራዳ ዘመን አልነበረም። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ካርቱም ገቡ። የኢትዮጵያ መልእክተኛ አምባሳደር ማሕሙድ ድሪር ለሳምንታት ከኅብረቱ መልእክተኛ ጋር እየተመላለሱ ወታደሮቹንና ሲቪሎቹን አደራደሩ፤ ነሐሴ 11 ቀን የስምምነታቸው ሰነድ ተፈረመ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አብደላ ሐምዶክ ደግሞ አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለዓመታት የሠሩ ሰው ናቸው። ከዚህ የተሻለ ጅምር ከየት ይመጣል?

ነገር ግን ካርቱም ውስጥ ሁለት መንግሥት ነበር። የኢትዮጵያ ወዳጅ የሲቪሉ ወገን ነው፤ ድንበሩ ደግሞ በጦሩ እጅ ነው። አል ፋሽቃ በተከዜና በአንገረብ ወንዞች አካባቢ ያለ ለም መሬት ነው። በ1894ቱ ውል መሠረት ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘሩበት ግን ለአሥርት ዓመታት ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ነበሩ። ከአልበሽር መንግሥት ጋር የተደረሰ መላ ነበር፤ የመስመሩ ነገር በድርድር ይለቅ፣ ገበሬው ግን ማረሱን ይቀጥል። ያንን መላ የያዘው የሁለቱ መንግሥታት መግባባት ነበርና አንደኛው ሲወድቅ መላውም ላላ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የኢትዮጵያ ጦር ከድንበሩ ወደ ሰሜን ተሳበ፤ የሱዳን ጦር በሳምንታት ውስጥ መሬቱን ያዘ። የዘራውን ሳያጭድ የተፈናቀለው ገበሬ ውሉንም መላውንም አንብቦ አያውቅም።

በዚያው ኅዳር ከ40,000 በላይ፣ ቆይቶም ከ60,000 በላይ ሰው ከትግራይ ተነስቶ ሱዳን ገባ። በሐምዳየት ተሻግረው ከተወሰዱባቸው ቦታዎች አንዱ ኡም ራኩባ ነው። ከ36 ዓመት በፊት ካምፕ የነበረው ያው ቦታ እንደገና ተከፈተ። በልጅነታቸው በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የደረሱበት ሰዎች በዚህኛው ጊዜ የራሳቸውን ልጆች ይዘው ደረሱ።

ከዚያ ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ውስጥ ሥልጣን የሚሻሙ ሁለት ጄኔራሎች ተታኮሱ፤ የሰው ጎርፍ አቅጣጫውን ለወጠ። በጋላባትና በመተማ ዮሐንስ መካከል ያለችው አጭር ድልድይ ላይ የካርቱም መምህራን፣ ሐኪሞችና ነጋዴዎች ሻንጣ እየጎተቱ ወደ እኛ ተሻገሩ። ሱዳን ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም አብረዋቸው ነበሩ። ሱዳናውያኑ በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ በተባሉ ካምፖች ሰፈሩ። እኛን በ1977 ያስጠለለች አገር ልጆች እንግዶቻችን ሆኑ፤ የሚያሳድራቸው ክልል ግን ራሱ ጦርነት ውስጥ ነበር። ታጣቂና ቀማኛ ሲፈራረቅባቸው በ2016 ጸደይ ከአንድ ሺህ የሚበልጡት ካምፑን ለቀው ወጡ። የሚሄዱበት አልነበራቸውምና በመኪና መንገዱ ዳር ካለው ጫካ ገብተው፣ ከሕፃናት ልጆቻቸው ጋር፣ በላስቲክ ሥር ክረምቱን እዚያ አሳለፉ።